ከጸረ-ቫይረስ ዝማኔ በኋላ የሚከሰቱ የኮምፒውተር ችግሮች፦ «ፎርማት ይደረግ» ከመባሉ በፊት ሊደረግ የሚገባ ምርመራ

መግቢያ

የጸረ-ቫይረስ ሶፍትዌር ተግባር ኮምፒውተርን ከጉዳት መጠበቅ ነው። ይሁን እንጂ ይኸው ጠባቂ በተለምዶ «አፕዴት» የሚባለውን ዝማኔ በተቀበለ ማግሥት ኮምፒውተሩ አልነሳ የሚልበት፣ ኢንተርኔት የሚቋረጥበት፣ ወይም ትናንት የነበረ ሰነድ ዛሬ የሚታጣበት ጊዜ አለ። እንዲህ ያለ ችግር ሲያጋጥም ብዙውን ጊዜ የሚሰጠው ምላሽ ከሁለት አንዱ ነው፤ ጸረ-ቫይረሱን ማጥፋት፣ አለዚያም ኮምፒውተሩን ፎርማት አድርጎ ዊንዶውስን እንደገና መጫን። ሁለቱም ምልክቱን ሊያስወግዱ ይችላሉ፤ መንስኤውን ግን አያሳዩም። የመጀመሪያው ኮምፒውተሩን ያለ መከላከያ ያስቀራል፤ ሁለተኛው ዳግመኛ የማይገኝ መረጃ ሊያጠፋ ይችላል።

ጉዳዩ በትንንሽ ከተሞች የበለጠ ይከብዳል። የእዣ ወረዳ መቀመጫ የሆነችውን አገናን በምሳሌነት መውሰድ ይቻላል። በእንዲህ ዓይነት ከተማ በአንድ ወረዳ ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ወይም ጽሕፈትና ኮፒ ቤት በሚገኝ ኮምፒውተር ላይ የተማሪዎች ውጤት፣ የደመወዝ ሰንጠረዥ፣ ወይም የድኅረ ምረቃ ተማሪ ለወራት የሰበሰበው የመስክ መረጃ ሌላ ቅጂ ሳይኖረው ሊቀመጥ ይችላል። የጠለቀ ሙያዊ እገዛ ለማግኘት ወደ ወልቂጤ ወይም ወደ አዲስ አበባ መሄድ የሚያስፈልግ ከሆነ ደግሞ «ፎርማት ይደረግ» የሚለው ውሳኔ ፈጣንና ርካሽ መስሎ ይታያል። ትክክለኛ ዋጋው የሚታወቀው ሰነዱ በተፈለገ ዕለት ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዋና ነጥብ አንድ ነው፦ «ከዝማኔው በኋላ» ማለት «በዝማኔው ምክንያት» ማለት አይደለም። ዝማኔው አንዳንድ ጊዜ ራሱ ጥፋተኛ ነው፤ አንዳንድ ጊዜ ቀድሞ የነበረን ችግር ይገልጣል፤ አንዳንድ ጊዜም በአጋጣሚ ከሌላ ብልሽት ጋር በአንድ ቀን ይገናኛል። ሦስቱን ለመለየት ውድ መሣሪያ አያስፈልግም፤ የሚያስፈልገው ቅደም ተከተሉን የጠበቀ ምርመራ ነው።

ሦስት ዓይነት ዝማኔዎች

«ጸረ-ቫይረሱ አፕዴት ሆነ» በሚለው አነጋገር ውስጥ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ይጠቃለላሉ። የመጀመሪያው የቫይረስ መለያዎች ዝማኔ ነው። ይህ ፕሮግራሙ ጎጂ ፋይሎችን የሚያውቅባቸውን ምልክቶች የያዘ ዝርዝር ሲሆን በአንድ ቀን ውስጥ ከአንድ ጊዜ በላይ ሊመጣ ይችላል። ሁለተኛው የፕሮግራሙ የራሱ ዝማኔ ነው፤ የመፈተሻውን ክፍልና ከስርዓተ ክወናው እምብርት ጋር የሚሠሩትን ድራይቨሮች ይቀይራል። ሦስተኛው የስርዓተ ክወናው፣ ማለትም የዊንዶውስ፣ ዝማኔ ነው።

ልዩነቱ ለምርመራ መነሻ ይሆናል። የመለያዎች ዝማኔ ሲሳሳት በአብዛኛው ጤናማ ፋይል እንደ ቫይረስ ይቆጠራል፤ ውጤቱም የጠፋ ወይም አልከፈት ያለ ፕሮግራም ነው። የፕሮግራሙ ዝማኔ ሲሳሳት ችግሩ በአመዛኙ በኮምፒውተሩ መነሳት ወይም በኔትወርኩ ላይ ይታያል። የዊንዶውስ ዝማኔ ደግሞ ከጸረ-ቫይረሱ ጋር ሊጋጭ ይችላል። በሚያዝያ 2011 ዓ.ም. የወጡ የዊንዶውስ ዝማኔዎች ሶፎስ፣ አቫስት፣ አቪራ እና ማካፊን በመሳሰሉ ጸረ-ቫይረሶች በተጫኑባቸው አንዳንድ ኮምፒውተሮች ላይ መዘግየትና መድረቅ ማስከተላቸው ይታወቃል። በዚያ ጊዜ ጣቱን ወደ ጸረ-ቫይረሱ ብቻ የቀሰረ መርማሪ የታሪኩን ግማሽ ብቻ ነበር የሚያየው።

ስሕተቱ ለምን ከባድ እንደሚሆን ለመረዳት የጸረ-ቫይረስን የሥራ ቦታ ማወቅ ይጠቅማል። ጸረ-ቫይረስ ማንኛውም ፋይል ከመከፈቱ በፊት ማየት አለበት። ስለዚህ ከፊል ሥራውን የሚያከናውነው የስርዓተ ክወናው እምብርት በሆነው ከርነል ውስጥ ነው። አንድ ተራ ፕሮግራም ሲሳሳት ራሱ ብቻ ይዘጋል፤ በከርነል ውስጥ የሚሠራ ፕሮግራም ሲሳሳት ግን ዊንዶውስ ተጨማሪ ጉዳት እንዳይደርስ መላውን ኮምፒውተር ያቆማል። ሰማያዊው ስክሪን የሚባለው ይህ ነው።

ዝማኔው ራሱ ጥፋተኛ የሆነባቸው አጋጣሚዎች

ከሁሉም የታወቀው የክራውድስትራይክ አጋጣሚ ነው። ዓርብ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. ኩባንያው ፋልከን ለተባለው የደኅንነት ሶፍትዌሩ የላከው አንድ የይዘት ፋይል በማይክሮሶፍት ግምት 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን ከሥራ ውጭ አደረገ። በብዙ አገሮች አየር መንገዶች፣ ባንኮችና ሆስፒታሎች ተስተጓጎሉ። የተላከው ፋይል ፕሮግራሙ 21 የመረጃ መስኮችን እንዲያነብ ያዝዝ ነበር፤ የሚቀርቡለት ግን 20 ብቻ ነበሩ። ፕሮግራሙ ያልተፈቀደለትን የማህደረ ትውስታ ክፍል ሊያነብ ሲሞክር ኮምፒውተሩ ወደቀ። ቀደም ሲል የተላኩ ፋይሎች 21ኛውን መስክ እንዲመረምር ስላላዘዙት ስሕተቱ ለወራት ተደብቆ ቆይቷል።

የዚህ አጋጣሚ ሰዓት ልዩ ትኩረት ይገባዋል። የተበላሸው ፋይል በኢትዮጵያ አቆጣጠር ከጠዋቱ 1 ሰዓት ከ9 ደቂቃ ላይ ተላከ፤ 2 ሰዓት ከ27 ደቂቃ ላይ ደግሞ በትክክለኛው ተተካ። የተጎዱት በእነዚህ 78 ደቂቃዎች ውስጥ በርተው ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝተው ፋይሉን ያወረዱ ኮምፒውተሮች ናቸው። ሌሊቱን ጠፍቶ አድሮ በ2 ሰዓት ተኩል የተከፈተ ኮምፒውተር ሶፍትዌሩ ቢኖርበት እንኳ ከዚህ ችግር ያመልጥ ነበር። አንድን ዝማኔ በሁሉም ኮምፒውተሮች ላይ በአንድ ጊዜ አለመጫን ምን ያህል እንደሚጠቅም ከዚህ የበለጠ ግልጽ ማሳያ ማግኘት ያስቸግራል።

ሁለተኛው አጋጣሚ የሚያዝያ 13 ቀን 2002 ዓ.ም. ነው። የማካፊ የመለያዎች ዝማኔ ቁጥር 5958 ለዊንዶውስ ኤክስፒ መሠረታዊ የሆነውን «ኤስቪሲሆስት» የተባለ ፋይል ቫይረስ ነው ብሎ አገደ። ኮምፒውተሮቹ ኔትወርክ አጡ፤ ደጋግመውም እየጠፉ ይነሱ ጀመር። በዚህ አጋጣሚ የተሳሳተው ዝርዝሩ እንጂ ፕሮግራሙ አልነበረም።

ሦስተኛው ጥር 5 ቀን 2015 ዓ.ም. በማይክሮሶፍት ዲፌንደር ላይ የደረሰው ነው። አንድ የመለያዎች ዝማኔ የተወሰነ የጥበቃ ደንብ በበራባቸው የመሥሪያ ቤት ኮምፒውተሮች ላይ የፕሮግራም አቋራጮችን ከመነሻ ምናሌውና ከተግባር አሞሌው ላይ ሰረዘ። ብዙ ተጠቃሚዎች ፕሮግራሞቻቸው የጠፉ መሰላቸው። ፕሮግራሞቹ ግን በቦታቸው ነበሩ፤ የጠፋው ወደ እነርሱ የሚያደርሰው መንገድ ነው። በዚያ ዕለት ዊንዶውስን እንደገና የጫነ ሰው ያልጠፋውን ነገር ፍለጋ ያለውን አጥፍቷል ማለት ይቻላል።

ዝማኔው የሚከሰስባቸው ሌሎች መንስኤዎች

በኢትዮጵያ መሥሪያ ቤቶች ከሚታወቁት ችግሮች አንዱ የፍላሽ አቋራጭ ቫይረስ ነው። ይህ ቫይረስ በፍላሽ ላይ ያሉትን ትክክለኛ ፋይሎች ይደብቅና በምትካቸው ተመሳሳይ ስም ያላቸው አቋራጮችን ያስቀምጣል። ተጠቃሚው አቋራጩን ሲጫን ሰነዱም ይከፈትለታል፤ ቫይረሱም ይሠራል። ጸረ-ቫይረሱ ታድሶ አቋራጮቹን ሲያስወግድ ፍላሹ ባዶ ይመስላል። «ጸረ-ቫይረሱ ሰነዴን በላው» የሚለው ወቀሳ ከዚህ ሊመነጭ ይችላል። ሰነዶቹ ግን ተደብቀው በቦታቸው ይኖራሉ። ለማረጋገጥ የፍላሹን ባሕርያት ከፍቶ የተያዘውን ቦታ መመልከት በቂ ነው፤ ባዶ የሚመስለው ፍላሽ ብዙ ቦታ እንደተያዘበት ካሳየ ፋይሎቹ አልጠፉም። በፋይል አሳሹ ቅንብር የተደበቁ ፋይሎችና የተጠበቁ የስርዓተ ክወና ፋይሎች እንዲታዩ በማድረግ ይገኛሉ፤ «አትሪብ» በተባለው ትእዛዝም የመደበቂያ ምልክታቸው ይነሳል።

ሌላው ያለ ፈቃድ የተገኘ ሶፍትዌር ነው። በተለምዶ «ክራክ» የሚባሉት የማንቂያ ፕሮግራሞች በጸረ-ቫይረሶች ዘንድ እንደ አደገኛ መሣሪያ ይመዘገባሉ። ዝማኔው ክራኩን ለይቶ ሲያስወግድ ኦፊስ ፈቃድ እንደሌለው ማስታወቅ ይጀምራል፤ ተጠቃሚውም ዝማኔው ኦፊስን እንዳበላሸ ያስባል። በዚህ ጊዜ ጸረ-ቫይረሱ የሠራው ሥራውን ነው። ክራኩን ከማገጃ ክፍሉ አውጥቶ መመለስ የሚመከር መፍትሔ አይደለም።

ሦስተኛው የአማርኛ መጻፊያን ይመለከታል። እንደ ፓወር ግዕዝ ያሉ ፕሮግራሞች ተጠቃሚው የሚጫናቸውን ቁልፎች ተቀብለው ወደ ፊደል ይለውጣሉ። የይለፍ ቃል የሚሰርቁ ፕሮግራሞችም ቁልፎችን ይከታተላሉ። ጸረ-ቫይረሱ በባሕርይ ላይ ተመሥርቶ የሚፈርድ ከሆነ ሁለቱን ሊያምታታ ይችላል። ከዝማኔ በኋላ አማርኛ መጻፍ ብቻ ካቆመና ሌላው ሁሉ ደኅና ከሆነ መጀመሪያ የሚታየው የማገጃ ክፍሉ ዝርዝር ነው። እዚህ ላይ ግን የመጻፊያው መጫኛ ከየት እንደተገኘ መጠየቅ ግድ ነው፤ ከእጅ ወደ እጅ በፍላሽ የተላለፈ ቅጂ እውነተኛ ቫይረስ ሊኖርበት ይችላልና።

አራተኛው ሰዓትና ቀን ነው። የዝማኔ ምንጮችና ድረ ገጾች እውነተኛነታቸውን የሚያረጋግጡት የመጀመሪያና የመጨረሻ ቀን ባላቸው ዲጂታል ምስክር ወረቀቶች ነው። የማዘርቦርዱ ባትሪ ሲደክም ኮምፒውተሩ መብራት በጠፋ ቁጥር ወደ አሮጌ ቀን ይመለሳል። ዓመቱን በኢትዮጵያ አቆጣጠር አስተካክላለሁ ብሎ 2018 ብሎ የሞላ ሰውም ሳያውቀው ኮምፒውተሩን ወደ ኋላ ይመልሰዋል። በሁለቱም መንገድ ዛሬ የሚሠራባቸው ምስክር ወረቀቶች «ገና ያልጸኑ» ይሆናሉ፤ ዝማኔው አይወርድም፤ ድረ ገጾችም የደኅንነት ማስጠንቀቂያ ያሳያሉ። መፍትሔው ቀኑን ማስተካከልና ባትሪውን መቀየር ነው።

አምስተኛው የሥራ ጫና ነው። ለመስቀል በዓል ተዘግተው የሰነበቱ ኮምፒውተሮች ሲከፈቱ የተጠራቀሙ ዝማኔዎች በአንድ ጊዜ ይወርዳሉ፤ ቀጥሎም ፍተሻ ሊጀምር ይችላል። አነስተኛ ማህደረ ትውስታና አሮጌ ሃርድ ዲስክ ባለው ኮምፒውተር ላይ ይህ ከፍተኛ ዝግመት ያስከትላል። ዝግመቱ ፍተሻው ሲያልቅ አብሮ ካበቃ ብልሽት አይደለም። ፍተሻው ዲስኩን በስፋት ስለሚያነብ ቀድሞ የተጎዱ ክፍሎቹንም ሊያጋልጥ ይችላል፤ ዝግመቱ ካልቀነሰና የማንበብ ስሕተት ከታየ የሚጠረጠረው ዲስኩ ነው።

በአንድ ኮምፒውተር ላይ ሁለት ጸረ-ቫይረሶችን መጫንም የታወቀ የችግር ምንጭ ነው። ሁለቱም እያንዳንዱን ፋይል ለመፈተሽ ስለሚሽቀዳደሙ አንዱ የሌላውን ሥራ ያደናቅፋል። በትክክል ያልተነቀለ የቀድሞ ጸረ-ቫይረስም የኔትወርክ ማጣሪያውን ትቶ ሊሄድ ይችላል፤ ያን ጊዜ ዋይፋይ የተገናኘ መስሎ እየታየ ኢንተርኔት አይሠራም።

የምርመራው ቅደም ተከተል

የመጀመሪያው እርምጃ መመዝገብ ነው። ችግሩ የታየበት ሰዓት፣ የስሕተቱ ቁጥርና መልእክት በስልክ ፎቶ ይነሣ፤ ከጸረ-ቫይረሱና ከዊንዶውስ የዝማኔ ታሪክም የዝማኔው ሰዓት ይወሰድ። በዊንዶውስ ውስጥ ያለው የአስተማማኝነት መከታተያ ዝማኔዎችንና ብልሽቶችን በቀን ደርድሮ ስለሚያሳይ እዚህ ላይ ብዙ ይረዳል። ችግሩ ከዝማኔው ቀድሞ የጀመረ ከሆነ ክሱ በዚሁ ይዘጋል።

ሁለተኛው እርምጃ መረጃውን ማዳን ነው። ኮምፒውተሩ የሚነሳ ከሆነ ከማንኛውም ሙከራ በፊት ሰነዶቹ ወደ ሌላ ዲስክ ይገልበጡ። የማይነሳ ከሆነ ከፍላሽ በሚነሳ ሊኑክስ አማካይነት መገልበጥ ይቻላል፤ ዲስኩ በቢትሎከር የተቆለፈ ከሆነ ግን የመልሶ ማግኛ ቁልፉ ያስፈልጋል። በክራውድስትራይክ አጋጣሚ ጥገናውን ካጓተቱት ነገሮች አንዱ የእነዚህ ቁልፎች በቅርብ አለመገኘት ነበር።

ሦስተኛው እርምጃ የማገጃ ክፍሉን ዝርዝር ማንበብ ነው። የታገደው ፋይል ስም፣ ቦታና የታገደበት ሰዓት በዚያ ይገኛል። ፋይሉ ከታመነ ምንጭ የተገኘ ከሆነና የአምራቹ ዲጂታል ፊርማ ካለው የተሳሳተ ፍርድ መሆኑ ሊገመት ይችላል። ቫይረስቶታል በተባለው አገልግሎት ብዙ ጸረ-ቫይረሶች ስለ ፋይሉ የሚሉትን ማነጻጸርም ይቻላል። ይሁን እንጂ ወደዚያ የተላከ ፋይል ለሌሎች ተመራማሪዎችም ሊደርስ ስለሚችል የሰዎች ስም፣ የጤና ወይም የደመወዝ መረጃ ያለበት ሰነድ ፈጽሞ አይላክም።

አራተኛው እርምጃ ኮምፒውተሩን በደኅንነት ሁነታ፣ በተለምዶ ሴፍ ሞድ በሚባለው፣ ማስነሳት ነው። በዚህ ሁነታ ዊንዶውስ መሠረታዊ ክፍሎቹን ብቻ ያስነሳል። ችግሩ በዚያም ካለ ዲስኩን፣ ማህደረ ትውስታውን ወይም ዊንዶውስን ራሱን መመርመር ይገባል። ችግሩ ከጠፋ ደግሞ ተጠርጣሪው በዚያ ሁነታ ከማይነሱት ፕሮግራሞች አንዱ ነው። ጸረ-ቫይረሱ ከእነርሱ አንዱ እንጂ ብቸኛው አይደለም።

አምስተኛው እርምጃ ማነጻጸር ነው። ያው ጸረ-ቫይረስና ያው የዝማኔ ቁጥር ያለው ሌላ ኮምፒውተር ደኅና ከሆነ መንስኤው በተጎዳው ኮምፒውተር ላይ ብቻ ባለ ነገር ውስጥ ይፈለግ። ሁሉም በአንድ ሰዓት ከታመሙ የዝማኔው ጥፋተኝነት ይጠነክራል።

ስድስተኛው እርምጃ አንድ ነገር ብቻ እየቀየሩ መሞከር ነው። ዝማኔው ወደ ቀደመው እትም ይመለስ፤ የሚቻል ካልሆነ ጸረ-ቫይረሱ በአምራቹ መንቀያ ተነቅሎ ዊንዶውስ ዲፌንደር ለጊዜው ይተካው። ዝማኔው ሲነሳ ችግሩ ከጠፋ፣ ሲመለስም ከተመለሰ መንስኤው ተገኘ ማለት ነው። ማንሳቱ ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒውተሩን ማስነሳቱ ራሱ ችግሩን አስወግዶት ሊሆን ይችላልና። በአንድ ጊዜ ሦስት ነገር የቀየረ ጠጋኝ ኮምፒውተሩን ቢያድን እንኳ ያዳነውን መድኃኒት አያውቅም፤ በሚቀጥለው ሳምንት ችግሩ ሲመለስ ከዜሮ ይጀምራል።

መንስኤው ከታወቀ በኋላ የሚሰጠው መፍትሔ ጠባብ መሆን አለበት። በስሕተት ለታገደ አንድ ፋይል ለዚያው ፋይል ብቻ ከፍተሻ ነጻ የሚያደርግ ፈቃድ ይሰጣል፤ ለመላው ዲስክ ወይም ለፍላሾች ሁሉ የተሰጠ ፈቃድ በሩን ከፍቶ ቁልፍ እንደመቀየር ነው። ስሕተቱ ለጸረ-ቫይረሱ አምራች ሲገለጽ በሚቀጥለው ዝማኔ የሚታረምበት ዕድል ይኖራል። ምርመራው እውነተኛ ጥቃት መኖሩን ካሳየ ደግሞ ጉዳዩ ከጥገና ያልፋል፤ ኮምፒውተሩ ከኔትወርክ ተነጥሎ ለመሥሪያ ቤቱ ኃላፊ፣ እንደ ክብደቱም ለኢንፎርሜሽን መረብ ደኅንነት አስተዳደር ማሳወቅ ይገባል።

ፎርማት ማድረግ መጨረሻ ላይ የሚቀር አማራጭ ነው። መረጃው በሌላ ቦታ መኖሩ ሳይረጋገጥም አይፈጸምም። በተለይ በኤስኤስዲ ዲስክ ላይ የተሰረዘ መረጃ የሚይዘውን ቦታ ዲስኩ ራሱ ስለሚያጸዳ ከፎርማት በኋላ መልሶ ማግኘት እጅግ አዳጋች ነው። በአሮጌው ሃርድ ዲስክ የለመዱት «በሶፍትዌር ይመለሳል» የሚል ተስፋ እዚህ አይሠራም።

ቅድመ ጥንቃቄ

ከአንድ በላይ ኮምፒውተር ባለበት መሥሪያ ቤት የፕሮግራምና የዊንዶውስ ዝማኔዎች በመጀመሪያ አስቸኳይ ሥራ በማይሠራበት አንድ ኮምፒውተር ላይ ይጫኑ፤ አንድ ሁለት ቀን ደኅና ከዋለ ለሌሎቹ ይፈቀድ። የቫይረስ መለያዎች ግን መዘግየት የለባቸውም፤ የእነርሱ ጥቅም ትኩስነታቸው ነው። ኢንተርኔት ደካማ በሆነበት ቦታ ማይክሮሶፍት ለዲፌንደር የሚያዘጋጀውን የመለያዎች ጥቅል በአንድ ቦታ አውርዶ በንጹሕ ፍላሽ ማዳረስ ይቻላል፤ የ32 ቢትና የ64 ቢት ጥቅሎች የተለያዩ ስለሆኑ የኮምፒውተሩን ዓይነት አስቀድሞ ማወቅ ያስፈልጋል።

የመለያዎች መታደስ ብቻውን ሙሉ መከላከያ አለመሆኑም ሊሠመርበት ይገባል። ዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉ ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. አብቅቷል። በዚህ ስርዓተ ክወና ላይ ዲፌንደር መለያዎችን እየተቀበለ ቢቀጥልም የዊንዶውስን ቀዳዳ የሚደፍነው የዊንዶውስ ዝማኔ እንጂ የቫይረስ ዝርዝር አይደለም።

ከሁሉም በላይ ሁለተኛ ቅጂ ያስፈልጋል። ቅጂው በሥራ ሰዓት ሁሉ ከኮምፒውተሩ ጋር ተሰክቶ የሚውል ከሆነ በኮምፒውተሩ የገባ ቫይረስ ለቅጂውም ይደርሳል። ስለዚህ ገልብጦ መንቀልና በሌላ ቦታ ማስቀመጥ ይገባል። የቢትሎከር ቁልፎች፣ የሶፍትዌር መጫኛዎችና የፈቃድ ቁጥሮችም በወረቀት ተመዝግበው ከኮምፒውተሩ ውጭ ይቀመጡ።

ማጠቃለያ

ከጸረ-ቫይረስ ዝማኔ በኋላ የሚታይ ችግር ሦስት መልክ አለው፤ ዝማኔው ያመጣው፣ ዝማኔው የገለጠው፣ እና ከዝማኔው ጋር በአጋጣሚ የተገናኘው። ምልክታቸው ሊመሳሰል ይችላል፤ መፍትሔያቸው ግን ለየቅል ነው። መመዝገብ፣ መረጃን ማዳን፣ የታገደውን ማየት፣ በደኅንነት ሁነታ መፈተሽ፣ ማነጻጸርና አንድ በአንድ መሞከር በአገናም ሆነ በአዲስ አበባ በአንድ ኮምፒውተርና በአንድ ፍላሽ ሊከናወኑ የሚችሉ ተግባራት ናቸው። የሚጠይቁት ጊዜ ጥቂት ሰዓታት ሊሆን ይችላል። በአንጻሩ የአንድ ትምህርት ቤት የዓመት ውጤት ወይም የአንድ ተመራማሪ የመስክ መረጃ በፎርማት ከጠፋ ምንም ዓይነት ዝማኔ አይመልሰውም።